ከእኛ ውጪ ማንም አይጭንም

ዛሬ ረፋድ ላይ ቆቦ መናኸሪያ... ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነውና ቃል ቢያመልጠኝ ታገሱኝ።

እትዬ ዘሀራ ከመናኸሪያው አጥር ጥግ ሻይ ቤት አላቸው። እኔ ከእሳቸው ሁለት በር አልፌ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ሀያት ኒካህዋ የሚታሰረው ዛሬ ከዙህር በኋላ ነበር። እናት መሄድ አልቻሉም፤ የቀራቸው በቪዲዮ ማየት ብቻ ነው። ሻይ ቤቱ ደግሞ ከትልቅ ግንብ ጀርባ ስለሆነ ድምፅ እንደነገሩ ይሰማል እንጂ ምስል ሲመጣ የሰው ፊት ግማሹ ደርሶ ግማሹ ይቀራል።

ሀያት ይህን ስለምታውቅ ሲም የሚገባበት፣ ባለ ሁለት አንቴና ራውተር በመንገደኛ ላከች። ትናንት ማታ ደረሰ። ከፍተን ብናየው የተገዛበት አገር ኩባንያ ቆልፎታል፤ የእኛን ሲም ጭራሽ አላውቅህም ይላል። መፍትሔው የኩባንያውን ሶፍትዌር አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጫን ነው። ከዚያ በፊት ግን ቡትሎደሩ መቀየር አለበት። ቡትሎደር ማለት ማሽኑ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ ነቅቶ ሊኑክስን የሚጭነው ትንሽ ፕሮግራም ነው። እኔና ደሴ ያለው ጓደኛዬ ቢንያም በአማርኛችን «ጫኙ» እንለዋለን። ጫኙ እየተጻፈ ኃይል ከተቋረጠ አለቀ... ራውተሩ ዳግም አይነሳም።

እናላችሁ ሻይ ቤቱ በር ላይ ላፕቶፔንና ራውተሩን ዘርግቼ፣ ቢንያምን በስልክ ስፒከር ላይ አድርጌ ሥራ ጀመርኩ። የአውቶቡስ ጡሩምባ ስለሚረብሸን ሁለታችንም እንጮሃለን።

«የድሮውን ቅጂ ላፕቶፕሽ ላይ አውርደሽ ጨረስሽ?» አለኝ ቢንያም።

«አወረድኩት።»

«በይ የድሮው ጫኝ አያስፈልገንም። አጥፊውና አዲሱን ጫኝ አስገቢ።»

ላፕቶፑን አዘዝኩት፤ መጻፍ ጀመረ። ለካ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ የመናኸሪያው የጫኝና አውራጅ አለቃ ሲሳይ ከጓደኞቹ ጋር ሻይ እየጠጣ ኖሯል። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የድሮው ጫኝ ምን አደረገሽ?» አለኝ።

«ኧረ አንተን አይደለም፤ ሊኑክስ እየጫንኩ ነው።»

«ሲሚንቶም ይሁን ሊኑክስ፣ እዚህ ከእኛ ውጪ ማንም አይጭንም፣ ማንም አያወርድም። ደግሞ አውርደሻል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«በናትህ ሲሳይ፣ ይኼ በእጅ የሚነካ ነገር አይደለም።»

«ስንት ኩንታል ነው?»

«ስምንት ሜጋ።»

ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ስምንት ሜጋ ባንድ አይሱዙ ይገባል?»

አትሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እነዚህ ሰዎች እኮ ቤት የቀየርኩ ዕለት የገዛ ፍራሼን በገዛ ጀርባዬ ተሸክሜ ያስከፈሉኝ ናቸው። የተሸከምኩት እኔ፣ ያላበኝ እኔ፣ የጫንኩበትን ሂሳብ የተቀበለው ሲሳይ። ማንም ሃይ የሚላቸው የለም። ጭራሽ አሁን ደግሞ ሶፍትዌር ላይ መጡ።

«ብቻ እንዳትነኩት» አልኩ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል።

«ይቺን ታህል ነው እንዴ?» አለና ራውተሩን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጠው። «የት ነው የሚጫነው?»

ገመዱ ተነቅሎ ወደቀ። ራውተሩ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉት መብራቶች ጠፉ።

ገመዱን መለስኩት። አብርቼ አጠፋሁት፣ እንደገና አበራሁት... ምንም የለም። ቢንያም በስልኩ ውስጥ «ምን ሆነ? ኧረ ምን ሆነ?» ይላል። ደሜ ፈላ።

«ገደልከው እኮ» አልኩት ሲሳይን።

እትዬ ዘሀራ አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው ከውስጥ ብቅ አሉ። «ማነው የሞተው?»

ነገርኳቸው። አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ያ ረቢ... ያለኝ አንድ ልጅ። ሙሽራ ሆና ሳላያት ልትቀርብኝ ነው?» አሉና የሻሻቸውን ጫፍ ያዙ። የዙህር አዛን ተሰማ።

ሲሳይ ኮፍያውን አወለቀ። «የሀያት ነበር እንዴ ዕቃው? ኧረ እኔ አፈር ልብላ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ኔትወርኩ ምን ሆኖ ነው እንቢ የሚለው?» አለኝ።

«ግንቡ ከልሎት ነው። ከፍ ያለ ቦታ ቢሆን...»

ሳልጨርስ አፏጨ። በሩ ላይ ማሽላ ጭኖ የቆመ አይሱዙ አለ። ሲሳይና ጓደኞቹ እትዬ ዘሀራን ከነአግዳሚው ለአራት አነሷቸው።

«አብሽሩ እትዬ፣ እኛ ስንጭን እንቁላል አይሰበርም።»

ከማሽላው ጆንያ ላይ ቁጭ አደረጓቸው። ለሀያት በቪዲዮ የደወልነው በማን ስልክ መሰላችሁ? በእኔ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ... ሀያት ነጭ ለብሳ፣ እጇ ሂና ተቀብቶ። እትዬ ዘሀራ ከላይ እልል ሲሉ የወልዲያ ተሳፋሪ ሁሉ ከአውቶቡስ መስኮት ተቀበላቸው። ሲሳይ ከአጠገባቸው ቆሞ ፀሐይ እንዳይነካቸው ጥላ ይዞላቸዋል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አለቀስኩ። ግን በንዴት ይሁን በደስታ አላውቅም።

ሲያወርዷቸው እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ዘርግተው ሲሳይን መረቁት። «አላህ ሸክምህን ያቅልልህ፣ ጉልበትህን ያቆይልህ፣ ልጅህን እንዲህ ዳር አድርሶ ያሳይህ።» ጫኞቹ ሁሉ «አሚን» አሉ። የሞተውን ራውተር ታቅፌ ተራዬን ጠበቅኩ።

እትዬ ዘሀራ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አንቺም ልጄ» አሉኝ፣ «ሁለተኛ የማትችይውን አትጭኚ። ሙያው ያላቸው ልጆች እያሉ።»

የገደለው ተመረቀ፤ እኔ ተመከርኩ።