ኤላ ጉድጓድ አይደለችም

ከሱሉልታ የወጣነው መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። ባለቤቴ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ፣ እኔ ከላይ ከዕቃውና ከድርቆሹ ጋር፣ በቡራዩ በኩል ዞረን ሰበታ ገባን። ላም ሳይኖርህ ድርቆሽ ለምን ጫንክ አትበሉኝ፤ ሽታው ነው። ሰበታ ሞቃት ነው፣ ደግ ነው ይላሉ። እኔ ግን ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ካላየሁ የነጋ አይመስለኝም። አከራያችን ደግሞ "አባባ፣ እዚህ አይታጠብም፣ እዚያ አይሰጣም" ትለኛለች።

"እሺ ልጄ፣ መተንፈሻውስ በየት በኩል ነው?" አልኳት።

እናንተም እንደኔ ከመሬታችሁ የተነሳችሁ ይገባችኋል። ቤቱ ይፍረስ፣ መንገዱ ይምጣ። እኔን ያንገበገበኝ አያቴን ጥዬ መምጣቴ ነው።

አያቴ አሜሪካዊት ነበረች። በፈረንጅ አሥራ ስምንት መቶዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ባገሯ ተወልዳ፣ በጣሊያን ጊዜ ቁስለኛ ልታክም እኛ ዘንድ መጣች። እናቱ የሞተችበትን አባቴን በጉዲፈቻ ወሰደችው። በኛ ደንብ የጉዲፈቻ ልጅ ልጅ ነው፤ ግማሽ የለውም። ስሟ ኤላ ነው። ኤላ በኦሮምኛ የውሃ ጉድጓድ ስለሆነ ሰዉ "ጉድጓድ መጣችልን" ብሎ ስቆ ተቀበላት። ዶሮዎቿን በእንግሊዝኛ ትቆጣ ነበር፤ ሲብስባት በኦሮምኛ። ሃይማኖቷ ሌላ ነበርና ቤተ ክርስቲያን አልተቀበረችም፤ ጓሮአችን፣ ጥዱ ሥር ነው ያረፈችው። ቦታውም ኤላ ተባለ።

ከመነሳታችን በፊት አጽሟን ይዤ ልውጣ ብዬ መሬት ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ የያዘው ልጅ ኮምፒውተሩን አየ።

"አባባ፣ እዚህ የተመዘገበው ጉድጓድ ነው። ኤላ ይላል።"

"ሰው ናት። አያቴ ናት።"

"አያትዎ ጉድጓድ ገብተው ነው የሞቱት?"

"ኤላ እሷው ናት!"

"ጉድጓድ እኮ አይወጣም አባባ፤ ይደፈናል። መቃብር ነው ካሉ የሟች ቤተሰብ ያመልክት።"

"እኔ ነኛ ቤተሰቧ።"

ፊቴን አየ፣ እጄን አየ። "ፈረንጅ አይመስሉም" አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ።

እንግዲህ ፈረንጅ ዘመድ ልንፈልግላት ሆነ። አስተማሪዋ ልጄ በስልኳ ስትፈልግ ከረመች። እኛ አገር ሴት ባባቷ ስም ትኖራለች፤ የኤላንም ሁለተኛ ስም ያባቷ ነው ብለን ያንን ቤት ስናስስ አንድም የሚያውቃት ጠፋ። ለካ ባሏ ሞቶባት፣ የሱን ስም ይዛ ነው የመጣችው! በመጨረሻ የወንድሟን የልጅ ልጅ አገኘን። እሷም አሮጊት ናት። ደወልንላት፤ ልጄ አስተረጎመች።

"ኤላ ልጅ አልነበራትም ትላለች።"

"አባቴስ?"

ልጄ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

"ተናገሪ እንጂ።"

"ፎቶው አለን ትላለች። አጠገቧ የቆመው ልጅ... አሽከሯ ነው ተብለን ነው ያደግነው ትላለች።"

በሕይወቴ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጮኽኩ።

"ስትሞት ማን ራሱን ተላጨ በያት! እነሱ ዘንድ አንድ የተላጨ አለ? አሽከር ለእመቤቱ አርባ ዓመት መቃብር ያጥራል? ጠይቂያት!"

ሴትዮዋ ከቤተሰብ ጋር ተማክሬ እደውላለሁ አለች። አልደወለችም። እዚህ ጉድጓድ አደረጓት፣ እዚያ መካን። እኔ መሐል ላይ የማንም ሳልሆን ቀረሁ።

ትናንት የሱሉልታው ጎረቤቴ ኦቦ ዲንቃ ደወለ።

"አካም ጅርታ?"

"ፈያ፣ ደህና ነኝ። ምነው ድምፅህ?"

"ማሽኑ መጥቷል። ጉድጓዱን ሊደፍኑ ሲፈልጉ ዋሉ፣ አጡት። ኤላ የታለች ይሉኛል። ምን ልበላቸው?"

ሞተሩ ከኋላው ሲያጓራ ይሰማኛል።

"ምንም አትበል። ይፈልጉ፤ እኛም ስንፈልጋት ነው የከረምነው። አንተ ሂድና ጥዱ ሥር ቁጭ በል። ስልኩን እንዳትዘጋ።"

ሲራመድ ሰማሁት፤ ሲያቃስት፣ ሲቀመጥ።

"ተቀመጥክ?"

"ተቀምጫለሁ።"

"በርታ። መጣሁ፣ መጣሁ" አልኩት፤ ከሰበታ ሆኜ።