ለአባቴ ያላደረስኩት መልእክት

ባለፈው እሑድ ሆሳዕና ከተማ፣ ልጄ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ስልኳን አቀበለችኝ። በቪዲዮው አንዲት ህንዳዊት ነጭ አዝሙድ በቅቤ እያቁላላች፣ አዩርቬዳ በሚሉት ያገሯ ልማድ ምግብ እንዲፈጭ እንደሚረዳ ታስረዳለች። ልጄ ሳቀችና፣ "አባዬ፣ አያቴን ልትገድላቸው የነበረችው ህንድም ይሄንኑ አይደል የሰጠቻቸው?" አለችኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከከምባታ፣ ከአንጋጫ መጥቼ እዚሁ ከተማ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ጎረቤቴ ህንዳዊቷ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ሚስ ላታ ነበሩ። በባቄላ ንፍሮ ሆዴ ሲነፋ አይተው ነው አዝሙዱን ያስተማሩኝ። እኛ ቅቤ ስናነጥር የምንጨምረውን ነጭ አዝሙድ እሳቸው በደረቁ ያምሱታል፤ ሽታው ግቢውን ሲሞላ በመዳፋቸው አሸት አድርገው፣ ከዝንጅብልና ከትንሽ ቅቤ ጋር ምስር ላይ ጣል ያደርጉታል። እውነትም ሆዴ ቀለለኝ።

በበልጉ ዝናብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃውን እያቦካሁ አገር ቤት እየሄድኩ ለአባቴም ሠራሁለት። ቆጮና ጎመን በበላ ቁጥር ሆዱን ይዞ የሚቀመጠው ሰውዬ "ቀለል አለኝ" አለ። እናቴ ወንድ ልጇ ምድጃ ሥር ሲቀመጥ አይታ ሳቀች። ጎረቤቶች ግን "ዶክተሩ መጣ" ይሉኝ ጀመር። ያ ስም እንዴት ጣመኝ!

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከጓሮ ጠራኝና በከምባትኛ ቀስ ብሎ፣ "ልጄ፣ ሰገራዬ እንደ ከሰል ጠቁሯል" አለኝ። ሰኞ ለሚስ ላታ ነገርኳቸው። የያዙትን ማማሰያ አስቀመጡ።

"ይሄ ደም ነው" አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። "አዝሙድ ለመፍጨት ነው፣ ቁስል አያድንም። አባትህ ነገ ሐኪም ቤት። ነገ!"

አልሄድኩም። ፈተና አለብኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ እውነቱ ግን ዶክተርነቴ እንዳይቀርብኝ ነው። ቅዳሜ ስሄድም መልእክቱን ትቼ ሌላ አዝሙድ ይዤለት ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን ደም አስታውኮ ወደቀ። ሆሳዕና አምጥተውት የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ "ቀደም ብሎ ቢመጣ በመድኃኒት ይድን ነበር" ሲል ታላቅ ወንድሜ ሰማ። አዝሙዱን ማን እንዳስተማረኝ ያውቅ ነበርና፣ እኔን አስከትሎ ከሆስፒታል ወጥቶ በቀጥታ ሚስ ላታ በር ላይ ቆመ።

"አባቴን ምንድነው ያበላሽው?" ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ።

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። "ያልኩህን ንገረው" አሉኝ።

"እሳቸው የሰጡኝን ነው የሰጠሁት" አልኩ።

ቃሉ ውሸት አልነበረበትም፤ ሌላውን ዋጥኩት። ሚስ ላታ አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ በራቸውን ቀስ ብለው ዘጉ። ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ፤ እሳቸው ቤት ምግብ የሚቀምስ ጠፋ። ዓመቱ ሲያልቅ ለቀው ሄዱ። ሻንጣቸውን ሲጭኑ በመስኮት አየሁ እንጂ አልወጣሁም።

አባቴ ድኖ ብዙ ዓመት ኖረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ልትገድለኝ የነበረችው ህንድ" እያለ ያወጋል፤ ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እውነቱን ሳያውቅ ቀበርኩት።

እሑድ ዕለት ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ፣ "ሙሉ ስማቸው ማን ነበር? እንፈልጋቸው" አለች። እሱን አላውቅም። ለወራት ከድስታቸው በልቻለሁ፤ በእኔ ምክንያት ስማቸው በቤታችን እንደጎደፈ ቀርቷል፤ ሙሉ ስማቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።