ሥር ያላወጣችው ነጭ ጽጌረዳ

ባለቤቴ አደይ ፍኖተ ሰላም አስፋልት ዳር የአበባ ችግኝ እያፈላች ትሸጥ ነበር። ከቅርንጫፍ ቆርጣ አፈር ውስጥ የሰካችው ሁሉ ይጸድቅላታል። እምቢ ያለቻት አንዲት ብቻ ናት፤ ጅጋ፣ እናቷ ግቢ የነበረችው ነጭ ጽጌረዳ።

እናቷ ካረፉ በኋላ ግቢው ለመንገድ ማስፋፊያ እንደሚፈርስ ተነገረን። አደይ ከነጯ እየቆረጠች አመጣችና ከቀይ ጽጌረዳ ቁራጮች ጋር በአንድ አፈር ሰካቻቸው። ቀዩ ሥር ሰደደ። ነጯ ከታች ጠቆረች። ከግሽ ዓባይ ጸበል አስመጥታ አጠጣቻት፤ ጭራሽ በሰበሰች።

የግብርና ባለሙያው ናሁሰናይ መጥቶ አንዷን ነቅሎ አየ።

«እትዬ አደይ፣ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። ሥር ማውጣትም ከዘር ይወረሳል። ቀዩ ሲቆረጥ፣ ቁስሉ ላይ ሥር የሚያበቅለው ውርሱ ቶሎ ይነቃል። የነጯ እንደተኛ ይቀራል።»

«እናቴን ነዋ የመሰለችው» አለች አደይ። «እሷም ከጅጋ ንቅንቅ አልልም እንዳለች ሞተች።»

«ቡቃያዋን ከነልጣጯ አንስተን ቀዩ ግንድ ላይ ብናስራትስ? ሥሩን ከሱ ትዋሳለች።»

«በሰው እግር ልትቆም?» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ግን የቀዩን ልጣጭ ሰንጥቃ፣ የነጯን ቡቃያ አስገብታ፣ በጨርቅ ጠምጥማ አሰረቻት።

ጨርቁ ሳይፈታ የጅጋው ግቢ ከነነጭ ጽጌረዳዋ ፈረሰ። አደይም ታመመች። ከአልጋዋ ሆና «ያዘች?» ትለኛለች። ወጥቼ አያለሁ።

«አረንጓዴ ናት።»

«ጨርቁን እንዳትነካ።»

ከቀብሯ ስንመለስ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ በለጠች ለልቅሶ ለሚመጣው ሰው ግቢውን እያጸዱ ቆዩን። ግንዱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አይተው ሰው የደበቀው ድግምት መስሏቸዋል።

«ልጄ፣ አደይን የበላት ይኸው ተገኘ» አሉኝ። ጨርቁን ፈትተው፣ ከጨርቁ ስር የነበረችውን ቡቃያ በቢላ ፍቀው፣ ሁሉንም እሳት ውስጥ ከተውታል። እጃቸው በእሾህ ደምቷል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

ቀዩ ዛሬም ያብባል። ወይዘሮ በለጠች ለአደይ ነፍስ ብለው ጠዋት ጠዋት ያጠጡታል። አጠገባቸው ቆሜ ግንዱን አያለሁ፤ የተፋቀው ቦታ ገጥሟል። ስለ ነጯ አልነገርኳቸውም።