ቦንዳውን የሚያስሩ እጆች

ከአሶሳ የወጣሁት በንጋቱ አውቶቡስ፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የሱፍ ካፖርት ለብሼ ነው። ያለበሰችኝ እናቴ ናት። «ውጭ አገር ብርድ ነው ይላሉ። አብሽሪ ልጄ፣ አላህ መንገዱን ይክፈትልሽ» እያለች እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ። እሷ በልጅነቷ ከወሎ በሰፈራ ስትመጣ ያላትን ልብስ ሁሉ ደራርባ ነበር አሉ። አገር መልቀቅ ማለት ለእሷ መደራረብ ነው።

አስያም ልትሸኘኝ መጥታ ነበር። አስያ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ለዓመታት ጎን ለጎን ሰልባጅ የሸጥን ጓደኛዬ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «አንተ ሂድ፣ ደህና ሁን፣ እኛን አትርሳ» ብላ አቀፈችኝና ካፖርቱን ዳበስ አድርጋ ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም። ካፖርቱ የወጣው ሁለታችንንም ካከሰረን ቦንዳ ውስጥ ነው።

ሰልባጅ ያልሸጣችሁ ስሙኝ። ቦንዳ ማለት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ተጨምቆ፣ በገመድ ተጠፍሮ የሚመጣ የአሮጌ ልብስ እስር ነው። የሚገዛው ሳይከፈት ነው። በጥግ በኩል ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትበጃለች፤ በእሷ ጎትታችሁ ጨርቁን ትዳብሳላችሁ፣ በቃ። አስያ ፍየሎቿን ሸጠች፣ እናቴ ጊደሯን ሸጠችልኝ፣ የሴት ሸሚዝ የተባለ ቦንዳ ገዛን። በጣታችን የዳበስነው እንደ ሐር የሚንሸራተት ሸሚዝ ነበር። ገበያ መሀል ስንከፍተው ከላይ ያው ሸሚዝ፣ ከጎኑም ያው ሸሚዝ፤ መሀሉ ግን ካፖርት፣ የበረዶ ሱሪ፣ የልጅ ሱፍ ጓንት፣ አንዳንዱም ጥንድ የሌለው። በአሶሳ! ሰው ከብቦን ሳቀ። የሸጠልን ነጋዴ ዘንድ ስንሄድ «ቦንዳ እንደ ሀብሀብ ነው እህቴ፤ ሳይቆረጥ አይታወቅም» አለኝ። አስያ «ኸላስ፣ አላህ ያለው ነው» አለች። እኔም ዕድሌን ረገምኩና ውጭ አገር የሚልክ ደላላ ፈለግሁ።

ቦሌ ላይ ፓስፖርቴን የተቀበለው ሰው ከካፖርቱ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«ወዴት ነሽ?»

«ዱባይ፣ ለጉብኝት።»

«ምን ልትጎበኚ?»

ደላላው ያስጠናኝን መለስኩ። «ረጅሙን ፎቅ።»

«ቁመቱ ስንት ነው?»

«እሱን ባውቅማ ምን አስኬደኝ?»

ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። «ሙቀቱ ሳይጨርስሽ ካፖርቱን አውልቂ» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እውነት የነገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ረጅሙን ፎቅ እስካሁን አላየሁትም። የገባሁት ከዱባይ አጠገብ ካለችው ከተማ፣ ሻርጃ ነው። ሙቀቱ እንደ እኛ አይምሰላችሁ። የእኛ ሙቀት መጨረሻ አለው፤ ደመናው ከወደ ሱዳን ይጠቁርና ዝናቡ ይገላግላችኋል፣ እስከዚያ የማንጎ ጥላ አለ። የዚህ አገር ሙቀት የተከደነ ድስት ነው። ማንጎውማ! እኛ ዘንድ መሬት ላይ ወድቆ ዝንብ የሚወርሰው ማንጎ እዚህ አንድ በአንድ መረብ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ይሸጣል። አስያ በማሽላ ገንፎ የምታቀርብልኝ ባምያም እንዲሁ በላስቲክ ታሽጎ አገኘሁት፤ ቆሜ አየሁትና ሄድኩ።

አልጋ ያከራየችኝ የአገራችን ሴት ናት። በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን በመጋረጃ ተከፋፍለናል።

«መስኮት ያለው አልጋ ከፈለግሽ ዋጋው ሌላ ነው» አለችኝ።

«መስኮቱ የታለ?»

«ከመጋረጃው ጀርባ። ስትከፍዪ ታይዋለሽ።»

«ምን ይታያል?»

«የጎረቤት ግድግዳ። ግን መስኮት ነው።»

ሥራውን ያገኘችልኝም እሷ ናት፤ መጋዘን ነው፣ ልብስ መለየት ነው አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን በሩ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ልብስ እንደ ተራራ ተቆልሏል። ሽታውን አወቅሁት፤ የገበያችን፣ የመደባችን ሽታ ነው።

ልብሱ የሚመጣው ከአውሮፓ ነው። ሰዎቹ አልሸጡትም፤ ለድሃ ይሁን ብለው በነፃ የሰጡት ነው። አብራኝ የምትሠራ ግሬስ የምትባል ኡጋንዳዊት አለች። አንድ ቀን ከአንድ ጃኬት ኪስ ወረቀት አውጥታ አነበበችና በተሰባበረ ዓረብኛ ነገረችኝ፦ «ለሚያስፈልገው ሰው። ይሙቅህ ይላል።» አጥበው፣ አጥፈው፣ መልካም ምኞት ጽፈው የሰጡት ነው! ከዚያ ወዲህ ነው በኪሎ የሚሸጠው፤ ሰብሳቢው ለጫኙ፣ ጫኙ ለመጋዘኑ፣ መጋዘኑ ለወደቡ ነጋዴ፣ እሱ ደግሞ በኮንትሮባንድ ለእኛ። ሁሉም ትርፉን ይዞ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ዓይኗን ጨፍና የምትገዛው አስያ ናት። ነፃ የተሰጠ ካፖርት የአስያን ፍየሎች በላ።

እኛ ልብሱን የሚያሳልፍልን ማሽን ፊት ቆመን እንለያለን። ምርጡ ወደ ሌላ አገር ሱቅ ይሄዳል። መካከለኛውና ቀሪው «አፍሪካ» ተብሎ ይታሰራል። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊያችን ወደ ማሰሪያው ክፍል አዛወረኝና አሠራሩን አሳየኝ። ሸሚዙን ከሥር አነጠፈ፣ በጎኖቹ ደረደረ፣ በጥጎቹ አሳምሮ ጠቀጠቀ። መሀሉን በካፖርት ሞላውና ከላይ በሸሚዝ ከደነው።

«ጥጉን አደራ» አለኝ። «ገዢ ጣቱን የሚያስገባው በጥጉ ነው።»

ሰማችሁ? ዕድል አይደለም! ሀብሀብም አይደለም! አላህም የለበትም። ሰው አስተምሮት፣ ሰው በእጁ የሚሠራው ሥራ ነው። ጣታችን የት እንደምትገባ ሳይቀር ያውቃሉ።

«ካፖርቱ ለምን?» አልኩት።

«ይመዝናላ። ቦንዳ የሚሸጠው በክብደት ነው።»

«አፍሪካ እኮ በረዶ የለም።»

«ኪሊማንጃሮ አለ» አለና ሳቀ። ከዚያ ቆጣ ብሎ «ከዚያ መልሶ የሚያመጣ የለም። ሥሪ» አለኝ።

ሠራሁ። ግን ለጥቂት ቀናት በራሴ መንገድ ሠራሁ። እሱ ዘወር ሲል ካፖርቱን እየጣልኩ መሀሉን በሸሚዝ ሞላሁት። እየጠቀጠቅሁ በሆዴ «አሶሳ ድረሱ፣ ባምባሲ ድረሱ» እላለሁ፤ የት እንደሚደርሱ የሚያውቅ እንደሌለ እያወቅሁ። በአራተኛው ቀን ኃላፊው ካሰርኳቸው አንዱን አስፈትቶ አየው። አልጮኸም። ከዕለት ክፍያዬ እንደሚቆርጥ የሚገልጽ ወረቀት አስፈረመኝና «ቪዛሽ ያለቀ ነው አይደል?» ብቻ አለኝ።

በነጋታው ካፖርቱን መሀል ከተትኩ። ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። አልዋሻችሁም፤ ጥጉን አሳምሬ እጠቀጥቃለሁ፣ እጄ ለምዷል። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አንዳንዴ ይጠፋኛል። በነጋዴው? በኃላፊው? የእኛን ቦንዳ ባሰረችው ሴት? እሷም ቪዛዋ ያለቀባት ይሆናል።

ባለፈው አርብ አስያ ደወለች። ደስ ብሏታል። ከሦስት ሴቶች ጋር አዋጥተው ሌላ ቦንዳ ሊገዙ ነው።

«አንተ እኮ እዛ ነህ፣ ታውቃለህ» አለችኝ። «የቱ ጥሩ? ሸሚዝ ወይስ ቀሚስ?»

«አትግዙ» አልኳት።

«እንዴት?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ጥጉን፣ መሀሉን፣ ኪሎውን። የማስረውም እኔ ነኝ አልኳት። አስያ አጠገቧ ላሉት ሴቶች በበርታ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረች። ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንሸጥ እሷ አማርኛ ተማረችልኝ፣ እኔ የእሷን ቋንቋ አልሰማም። ሰደበችኝ ይሁን አዘነችልኝ አላወቅሁም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ስልኩ ተመለሰች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ነው፣ መደብ ላይ ጎን ለጎን እንደተቀመጥን።

«ወላሂ፣ ጥሩ ነገርከኝ» አለች። «ታዲያ ምን እንሽጥ?»

እንሽጥ አለችኝ፣ እኔንም ጨምራ።

«ቆዪ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» አልኳት። ይኸው ሳምንቱ ሞላ፤ ጥጉን እየጠቀጠቅሁ ምን ሽጪ እላታለሁ? አልደወልኩም።