እሺ ያልሁበት ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ አያቴ የነገሩኝን ተረት ሳላዳምጥ ቀርቼ ለእናቴ ዋሸሁ።

ያኔ የምንኖረው አሽከሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር ነበር። እናቴ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ተረኛ ስለነበረች የብርዱን ወራት ምሽት የማሳልፈው ከአያቴ ከአባባ ጋር ነው። ምድጃ አልነበረንም፤ አባባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን የቀላ ሽቦ እንደ ፍም እያዩ፣ እጃቸውን እያሟሟቁ ተረት ይነግሩኛል። ሰሚው በየመሀሉ «እሺ» ካላለ ግን ተረቱ አይቀጥልም።

አንድ ምሽት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ነበረኝ፤ «ሂር» እና «ሊስን» በምን ይለያሉ የሚል።

«ረጋ፣ ሳባ!» አልኋቸው በዕብራይስጥ፣ ቆይ አያቴ ለማለት።

«የምን ሳባ! ንግሥቲቱ ነኝ እንዴ? ደግሞ ምንድን ነው የምትጽፊው?»

ሂር ድምፅ ጆሮ ሲደርስ ነው፣ ሊስን ግን ልብ ሰጥቶ ማዳመጥ ነው አልኋቸው።

«ይህማ እኛም ዘንድ አለ» ብለው ሳቁ። «አህያም ትሰማለች፤ የሚያዳምጥ ሰው ነው። በይ እየጻፍሽ ስሚኝ።»

ወደ ሱዳን በእግር ስለሚጓዙ ሰዎች፣ በመንገድ ስለሞተች አንዲት ሴት ጀመሩ። እኔ ምሳሌ የሚሆን ዓረፍተ ነገር እየፈለግሁ «እሺ» አልሁ። ድምፃቸው ሲሰበርም «እሺ» አልሁ። በመጨረሻ «ቦታውን ያዝሽው?» አሉኝ።

«እሺ።»

በማግስቱ መምህሯ ሥራዬን ለክፍሉ አነበበችው።

አባባ ፋሲካ ሳይደርስ ሞቱ። በለቅሶው መሀል እናቴ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«እናቴ መንገድ ላይ ስትቀበር እኔ በወባ ራሴን ስቼ ነበር። አባቴ ለእኔ ሊነግረኝ አንጀቱ አልቻለም፤ ‹ለልጅቷ በተረት ነግሬያታለሁ› አለኝ። የት ነው ልጄ?»

የተረቷ ሴት አያቴ እንደነበረች ያን ጊዜ ገባኝ። የእናቴን ዓይን አየሁና፣ «ከሾላ ዛፍ ሥር» አልኋት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ዛሬ እናቴ አርጅታለች። አፍሪዳር ሰፈር ሐኪም ዘንድ ስወስዳት፣ መንገድ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ሁልጊዜ ትቆማለች። መዳፏን ግንዱ ላይ አድርጋ፣ «እምዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?» ትላለች። የቤቱን ወሬ ሁሉ ትነግራታለች። እኔም ቦርሳዋን ይዤ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ አዳምጣለሁ። እውነቱን ብነግራት ሌላ መቃብር የላትም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን አታነብም። እናንተ ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።