ለሁሉም «እሺ» የሚሉት ሐጂ

ደብረ ማርቆስ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ በራሴ ላይ ከሁሉ በላይ ያሳቁኝ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። ገበያው ውስጥ በክርክር የሚረታቸው አልነበረም፤ ሻሽ ሊገዛ የገባ ሰው ሻሹንም፣ ጋቢውንም፣ ምክሩንም ተሸክሞ ይወጣ ነበር። ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ከዳቸው፤ ንግግራቸውም ጠፋ። የተረፈቻቸው «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

ምግብ አልቀምስ ሲሉ ባለቤታቸው ወደ እኔ ይዘዋቸው መጡ። ቅጼን ዘርግቼ ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ ያዝናሉ?»

«እሺ።»

«እንቅልፍስ እንዴት ነው? ይወስድዎታል? ወይስ ይባንናሉ?»

«እሺ።»

ጆሯቸው የተደፈነ ይመስል ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ያም ሳይሆን ሲቀር ፊቴን ወደ ባለቤታቸው አዙሬ፣ ሰውየው እዚያ የሌሉ ያህል ስለ እሳቸው ማውራት ያዝኩ። «መቼም ትብብራቸው ጥሩ ነው፣» አልኩ።

ሴትዮዋ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን እሺ ብለውኝ አያውቁም። አሁን ዶሮዋም ብትጠይቃቸው እሺ ነው። እስቲ ደስ ብሎዎታል ወይ በያቸው።»

ጠየቅኋቸው። «እሺ፣» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ደነገጥኩ። ቅጹ ላይ «ችግር የለም» ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። አውራ ጣት ወደ ላይ ከሆነ አዎ፣ ወደ ታች ከሆነ አይደለም እንዲሆን ተስማማን። ወረቀት ላይ የሚስቅ፣ የተቆጣና ያዘነ ፊት ሳልኩላቸው። ሥዕል ላይ እጄ አይታዘዝልኝም፤ ያዘነው ሰውዬ በግ መስሎ ወጣ። ሐጂ በጉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ባለቤታቸው «ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

«ዛሬ የትኛው ነዎት?» ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ቃል ላቀብላቸው ሁለቴ አፌን ስከፍት፣ ሁለቴም ባለቤታቸው በክርናቸው ጎሸሙኝ። ቆይቶ የሐጂ ግራ እጅ በጉ ላይ አረፈ።

ወረቀቱ ላይ ቤት፣ መስጊድና ሱቅ ጨመርኩ። ሱቁን ነኩ፤ ከዚያ ጆሯቸውን ይዘው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ሱቅ ውስጥ ሰዎች ይጮኹብዎታል?» ጣታቸው ወደ ላይ ተነሳ።

«እንደ ሕፃን ያናግሩዎታል?» ወደ ላይ።

«ሰው ሲመጣ ጓዳ ይገባሉ?» ጣታቸው ቀስ ብሎ ተነሳ።

በትክክል መግባባታችንን ለማረጋገጥ ጥያቄውን ገለበጥኩት። «ታዲያ ሱቁን ይተዉት?» ጣታቸው ወደ ታች ተወረወረ።

ሐኪሙ ለመከፋታቸው መድኃኒት ጀመረላቸው፤ እኔ ደግሞ በፈቃዳቸው ሱቃቸው ሄጄ ጎረቤቶቻቸውን ሰበሰብኩ። «ሐሳባቸው ሙሉ ነው፤ የጠፋው ቃሉ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁና ጠብቁ፤ አትጩኹ፣» አልኳቸው። በየማለዳው «ሐጂ! እኔ! ነኝ!» እያለ የሚያንባርቀው ጫማ ነጋዴ አንገቱን ደፋ። ይህን ስመክር እኔም በመጀመሪያው ቀን እንደሱ መጮኼን አልነገርኳቸውም።

ሰንበት ብሎ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰላቸው። ጓዳውንም ተዉት፤ አንዳንድ ቀን ግን ይከፋቸዋል፣ ያኔ ባለቤታቸው ይደውሉልኛል።

ባለፈው ክረምት ከሥራ ስመለስ ልጠይቃቸው ጎራ አልኩ። በርጩማ አመለከቱኝ፤ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጣጣ ጀመር። ሐጂ ወደ ላይ ጠቁመው አፋቸውን ከፈቱ። ጠበቅኋቸው። ከንፈራቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተወው።

«ዝናብ፣» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ዝናብ ነው፣» አልኳቸው። አባርቶ እስክሄድ ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።