የመብራቱ ዋስ

አጎቴን ከቀበርን ዛሬ አርባ ቀን ሆነ። ተዝካር የበላው ሁሉ ስለ ደግነታቸው ሲያወራ ዋለ፤ እኔ የማስታውሳቸው ግን በሬ ሲገዙ ነው። ቡሬ ገበያ ላይ የበሬውን ጥርስ ከማየታቸው በፊት ሻጩን «ዋስህ ማነው?» ይሉታል። በሬው ከሰው የተቀማ አለመሆኑን የሚመሰክር ካልቀረበ፣ ምንም ቢያምራቸው ጥለውት ይመጣሉ።

ለመብራት የተሠራው ግድብ ማሳችንንና ደብራችንን ከዋጠ በኋላ፣ መብራቱን ከግድቡ ባለቤት የሚገዙት ሰዎች ሊያነጋግሩን መጡ። አጎቴ ተነሡ።

«ልጆቼ፣ ስትገዙ ዋስ ጠይቃችኋል?»

አንደኛው ሳቀ። «አባቴ፣ እኛ የምንገዛው ከሻጩ ነው። የመሬቱን ነገር ከእሱ ጋር ይጨርሱ።»

«የሌባ በሬ የገዛም እንዲሁ ነው የሚለው» አሉት።

ስብሰባው ሲያልቅ ወረቀት ዞረ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ነው። ከላይ «የተሰብሳቢዎች ስም» የሚለውን ብቻ አንብቤ አጎቴን «መገኘትዎን ለማሳየት ነው፣ ይፈርሙ» አልኋቸው። አመኑኝ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ «መሬታችንን ወደን ለቀናል» ይላል። እሱን ያነበብሁት ቅጂው ቀበሌ ሲለጠፍ ነው።

ነገርኋቸው። ጣታቸውን አዩና «ዋሳቸው እኔ ነኛ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ገበያ አልወጡም።

ደብራቸው ውሃ ሥር ስለሆነ የቀበርናቸው ፍኖተ ሰላም ዳር፣ በማያውቁት አጥቢያ ነው። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረናል። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን በከፈትሁ ቁጥር የማወራው ስለ ዝናቡ ነበር።